ለመዝናናት የወጣች ቮልስ

ዘና ማለት ማንም የሚችለው ሥራ ይመስላችኋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ታዝዤ ዘና ልል ወጣሁና፣ ፈቃዴን ጨርሼ ሥራ ስገባ «ኧረ ምነው እንዲህ ከሳህ?» ያላለኝ ሰው አልነበረም።

ዘመኑ ደርግ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት እሠራለሁ። ሰኞ የውይይት ክበብ፣ ረቡዕ የሠራተኛ ማኅበር፣ እሑድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ፤ በመካከሉ ጊዜ ከተረፈ ደግሞ ሥራ። እንዲህ ሆኜ ሳለሁ የክሊኒኩ ድሬሰር ክንዴን ጠቅልሎ ሲነፋ ቆየና ፊቱን አጨፈገገ።

«ደምህ ከፍ ብሏል» አለኝ።

«የት ድረስ?»

«አንተ ዘና በል፤ የት ድረስ የሚለውን ለእኔ ተወው።»

«ዘና እንዴት ነው የሚባል?»

ይኼን ጥያቄ ከዚያ በፊት የጠየቀው ሰው የለም መሰለኝ፣ ጣራ ጣራውን አየ። «ከከተማ ወጣ በል፤ አረንጓዴ ነገር እይ» አለ በመጨረሻ። ወሩ ጥር መሆኑን ረስቶታል። በጥር በእኛ አገር አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይ ሐይቁ ዳር ያለው ደንገልና የወታደር ካሚዮን ብቻ ነው።

ባለቤቴ ብርቱካን ግን ነገሩን እንደ መመሪያ ተቀበለችው። የዓመት ፈቃድ አስጠየቀችኝ። የወንድሟን ቮልስዋገን ተዋሰች። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ዘመን ከየት እንዳገኘችው እስከ ዛሬ ያልነገረችኝን ቤንዚን አስሞላች። የሽምብራ ቆሎ በወረቀት ጠቀለለች። እኔ ደግሞ ካሜራዬን ያዝሁ።

ስለ ካሜራዬ ትንሽ ላውጋችሁ። ሩሲያ ተምሮ የመጣ ባልደረባዬ የሸጠልኝ ነው፤ ክብደቱ ከወፍጮ መጅ አያንስም። በዚህ ካሜራ ያላነሳሁት ነገር ቢኖር የሰው ራስ ነው። የብርቱካንን እህት ሠርግ ያነሳሁ እኔ ነበርሁ፤ ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ሙሽሮቹ ከአንገት በታች እጅግ ያምሩ ነበር። የብርቱካን እናት ፎቶውን ገልብጠው ጀርባውን ሁሉ ፈለጉ፤ ራሱ እዚያ በኩል የዞረ መስሏቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ብርቱካን ቁርጡን ነግራኛለች።

«ሰው እንዳታነሳ። መሬት አንሳ። መሬት ራስ የለው፣ ማን ይቀየምሃል?»

እናም መሬት ላነሳ ወጣሁ።

የዓባይ ድልድይ ላይ የቆመው ወታደር እጁን ዘረጋ። ድልድይ ማንሳት ክልክል እንደሆነ ስለምናውቅ፣ ብርቱካን ካሜራውን በነጠላዋ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፈዋለች። እሹሩሩ ማለት ብቻ ነው የቀራት።

«ወዴት ነው?»

«ለመዝናናት» አልሁ።

«ምን ለማድረግ?»

«ለመዝናናት ነው፣ ጓድ።»

ጎንበስ ብሎ ውስጡን አየ። «ለቅሶ ነው?»

«አይደለም።»

«ሰው ታሞባችሁ ነው?»

«እኔ ነኝ የታመምሁ። ዘና በል ብለውኝ ነው።»

ፊቱ ወዲያው ተፈታ። «እግዜር ይማርህ ወንድሜ» ብሎ አሳለፈን። እንዲህ አዝኖልኝ ያሳለፈኝ ወታደር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላጋጠመኝም።

ዘንዘልማን አልፈን ወደ ሐይቁ በሚወስደው የገጠር መንገድ ታጠፍን። እውነቱን ልናገርና ደስ ይላል። አዝመራው ታጭዷል፤ ከብቱ በታጨደው ማሳ ላይ ተለቋል፤ እዚህም እዚያም የጤፍና የዳጉሳ ክምር ቆሟል፤ ከዚያ ሁሉ በስተጀርባ ጣና ተኝቷል። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ቆሎዬን እየቆረጠምሁ በዝግታ ነዳሁ። ብርቱካን ዝም አለች። ብርቱካን ዝም ስትል አገር ሰላም ነው። ደሜ ቁልቁል ሲወርድ ይሰማኝ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

አንድ ያማረ ማሳ ስናገኝ ቆምሁና ካሜራዬን ከነጠላው ፈታሁ። ይኼኔ ገበሬዎች ከማሳው እየሮጡ መጡ።

«አይዟችሁ! አይዟችሁ!»

«ምነው?» አልሁ ደንግጬ።

«እንገፋላችኋለን!»

ለካ በዚያ አገር ቤት መኪና የሚቆም ሲበላሽ ብቻ ነው። ደህና መኪና ምን ሆኖ ይቆማል?

«ኧረ አልተበላሸችም፤ ፎቶ ላነሳ ነው» አልሁ።

«እሱ ይደርሳል። አስቀድሞ ይች ትነሳ» አሉና ገፉን። ሞተሩ እየሠራ ገፉን! ላነሳው የነበረውን ማሳ ጥለነው ሄድን። «እግዜር ይስጥልን» ብዬ ትንሽ ነዳሁና ሌላ ማሳ ዘንድ ቆምሁ። ከዚያኛው ማሳ ሌሎች መጡ፤ እነሱም ገፉን። እንዲያውም የፊተኞቹ ከኋላ ሆነው «ግፏት፣ ባለቤቱ ይሉኝታ ይዞት ነው!» እያሉ ይጣራሉ። የሰው ደግነት እንደዚያ ቀን አድክሞኝ አያውቅም። በሩጫ ላይ ሆኜ በመስኮት ያነሳሁት ሁሉ ሰማይ እንደሚሆን አልጠራጠርም።

በመጨረሻ ቁልቁለት ላይ ገፉን። ቮልሷ ያለ እኔ ፈቃድ ተንደርድራ ሄደችና አንድ አውድማ ጥግ ስትደርስ ፍሬኑ ያዘልኝ።

በሩን ከፍቼ ብወጣ፣ እኔ ልሙት፣ እንዲያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። በእበት የተለቀለቀ ሰፊ አውድማ፤ መካከሉ ላይ ተወቅቶና ነፍሶ የተቆለለ ነጭ ጤፍ፤ ከጀርባው ሐይቁ። የሚገፋኝ ሰው ሳይመጣ ላንሳው ብዬ ከነጫማዬ አውድማው ላይ ወጣሁና ባለ በሌለ ድምፄ ጮኽሁ።

«ኧረ ይኼ ሁሉ ምርት! ወይ ጉድ! ይኼ ሁሉ!»

ቀጭ አደረግሁት።

ለካ አውድማው ላይ ሰው ነበር። አንድ ሽማግሌ ገበሬ የገለባ መንሻቸውን እንደያዙ ቀሩ። ባለቤታቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ብርቱካን ከመኪናው ሳትወጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አንድ እንግዳ አውድማ ሲደርስ «በረከት ይግባበት» ይላል፤ ጫማውን ያወልቃል፤ ብዛቱን አያወራም። አገር ቤትን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይኼን ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር እኮ! የጎንደር ከተማ ልጅ ብሆንም እናቴ አስተምራኛለች። የካሜራ ነገር ሆኖ ከራሴ ጠፋ።

«ትፍ ይበሉበት!» አሉኝ ሴትዮዋ። «ትፍ ይበሉበት እንጂ!»

ዓይኔ ምርቱን እንዳይጎዳ ነው። እኔም ደንግጬ ትፍ አልሁ። አፌ ውስጥ የነበረው የሽምብራ ቆሎ ተስፈንጥሮ ነጩ ጤፍ መካከል ገባ። ልፈልገው ጎንበስ ስል ብርቱካን ከመኪናው ውስጥ «አንተ ሰውዬ፣ ጫማህን አውልቅ!» ብላ ጮኸች። አወለቅሁ። የግራ ካልሲዬ አውራ ጣቱ ላይ ተቀድዶ ኖሯል።

ሽማግሌው ቀስ ብለው መጡ። አያ አላምረው ይባላሉ፤ ሴትዮዋ እትየ ጠጅቱ ናቸው። አያ አላምረው ከጣቴ እስከ ካሜራዬ አዩኝ።

«ጓድ፣ ከየት ነው የመጡ?»

«ከባሕር ዳር።»

«ከየትኛው ቢሮ?»

«ከፋብሪካ ነኝ።»

«ፋብሪካው ጤፍ ይፈልጋል?»

«ኧረ ምን ቆርጦት!»

«እንግዲያ ምርቴን ለምን አነሱት?»

«አማረኝ።»

«አማረዎ» አሉ አያ አላምረው፤ ቃሉን በአፋቸው ውስጥ አላመጡት። ከዚያ ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። «ዓይንዎን አልፈራሁም፤ ደህና ሰው ይመስላሉ። የፈራሁ ይችን ነው» ብለው ካሜራውን ጠቆሙ።

ነገሩን አንድ በአንድ ነገሩኝ። ከሰዓት በኋላ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ይመጣሉ። ምርቱን በዓይናቸው ገምተው ለመንግሥት የሚገባውን ኮታ ይጥላሉ። ብዙ ነው ካሉ ብዙ ነው፤ ትንሽ ነው ካሉ ትንሽ ነው። ዓምና የወረዳው ሰው አብሮ ነበርና ብዙ ተባለ። አያ አላምረው ለዘር ያስቀመጡትን ጭምር አስረከቡ፤ ክረምቱን ቤተሰቡ ጓያ እየቀቀለ አሳለፈው። ዘንድሮ ሊቀመንበሩ ሳይደርሱ ከምርቱ ገሚሱን ዞር ሊያደርጉ አስበው ነበር። አሁን ግን ምርቱ ሙሉውን ካሜራዬ ውስጥ ተቀምጧል።

«የዘንድሮው ዘር ከሄደ ሌላ የለኝም» አሉ። «ዘር የሌለው ሰው ደግሞ ገበሬ አይባልም፣ ጌታዬ።»

  ካሜራውን ከፈትሁና ፊልሙን ጎትቼ አወጣሁ፤ እንዳለ ለፀሐይ ሰጣሁት። የተገፋሁበት ማሳ ሁሉ፣ ሰማዩ ሁሉ፣ አብሮ ተቃጠለ። አያ አላምረው ፊልሙን በእጃቸው ይዘው ወደ ብርሃን አነሱት። ምንም እንደሌለበት ሲያዩ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፤ እኔም በሕይወቴ አንድ ደህና ነገር የሠራሁ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። «መጣ!» አሉ እትየ ጠጅቱ።

ከማሳው ማዶ አንድ ካፖርት የለበሱ ሰው ዱላቸውን እየተመረኮዙ ይመጣሉ። ሊቀመንበሩ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ነበር የሚመጡ፤ ግን መንደሩ መኪና ገባ ብሏቸዋል። መኪናውን ደግሞ ያስገባሁ እኔ ነኝ።

«ገለባው ውስጥ እንደብቀው!» አልሁ።

ሁሉም አዘኑልኝ። «እሱም እኮ ገበሬ ነው» አሉ እትየ ጠጅቱ። «ገለባውን ነው አስቀድሞ በዱላ የሚወጋ።» ይኼን እያሉ ዓይናቸው ወደ ቮልሷ ሄደ። ብርቱካንም አብራ አየች። ሁለት ሴቶች አንድ ነገር አብረው ሲያዩ እኔ ሁልጊዜ እፈራለሁ።

«የዕቃ ማስቀመጫዋ ከፊት ነው፤ ማን ያውቃል?» አለች ብርቱካን። «ኋላ ወንበሩ ላይም አንድ ስልቻ ይገባል።»

«አበድሽ? አሻጥር ነው የሚባል ይኼ! እስር ቤት ነው!»

«ዘር ነው» አለችኝ። 

ሰኞ በውይይት ክበብ ስሜ ሲነበብ ታየኝ። እሺ ይሁን፣ እንግዲያስ ቶሎ እንጫን! ስል፣ አያ አላምረው ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ባርኔጣቸውን አወለቁ። በመንሻቸው ጫፍ ምርቱ ላይ የመስቀል ምልክት ሠሩ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ጸሎት ጀመሩ። ሊቀመንበሩ ማሳውን አጋምሰዋል!

«አያ አላምረው፣ ደረሱ እኮ...»

«እሽሽ» አሉኝ እትየ ጠጅቱ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው። ምርት ሳይባረክ አይነካም፤ ሲሰፈርም ዝም ተብሎ ነው፤ እያወሩ የሰፈሩት በረከቱ ይሄዳል። ጸሎቱ ሲያልቅ መስፈር ተጀመረ፤ በቁና፣ ቀስ ተብሎ፣ ፍሬ እንዳይፈስ። የገፉኝ ገበሬዎች ሁሉ ደርሰው ስልቻ ይይዛሉ። ማንም ትንፍሽ አይልም። አፌን በከፈትሁ ቁጥር ሁሉም ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደርጋል። ልቤ ግን ዝም ሊል አልቻለም፤ ማዶ ድረስ የሚሰማ ይመስለኝ ነበር። የመጨረሻው ስልቻ ኋላ ወንበር ላይ ገብቶ ብርቱካን ከላዩ ስትቀመጥበትና ጋቢ ሲደረብበት፣ ሊቀመንበሩ አውድማው ጫፍ ላይ ጫማቸውን እያወለቁ ነበር።

«በረከት ይግባበት።»

«አሜን» አልን ሁላችንም። እኔ ከሁሉም አስበልጬ አልሁ።

ሊቀመንበሩ ምርቱን ዞሩት። ገለባውን በዱላቸው ወጉት። እንደገና ምርቱን ዞሩት።

«አውድማህ ሰፊ ነው፣ አላምረው። ምርትህ ምነው ጠበበ?»

«እንግዲህ እግዜር ያለው ነው» አሉ አያ አላምረው።

«እግዜር ያለውማ ነው» አሉ ሊቀመንበሩ፤ ቀጥለውም «ትንሽ ነው» ብለው ፈረዱ።  ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ልጄ?»

«ፎቶ አንሺ... ማለቴ ለመዝናናት ነው የመጣሁ።»

«እስቲ አንሳኝ።»

ፊልም የለኝም!  ካፖርታቸውን ቆልፈው፣ ግራ እጃቸውን ጨብጠው ወደ ላይ አንስተው፣ ሐይቁን ጀርባ ሰጥተው ቆሙ። ባዶውን ካሜራ ቀጭ አደረግሁት። «ድገመው» አሉኝ፤ ደገምሁት። ራሳቸውን እንዳልቆርጥ መጠንቀቄ አሁን ድረስ ይገርመኛል። አሁንስ ተገላገልሁ ስል፣ ጫማቸውን አድርገው በቀጥታ ወደ ቮልሷ ሄዱ።

«ዘንዘልማ ስብሰባ አለብኝ። መቼም አታስቀሩኝም» አሉና ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ።

እንቢ ይባላል? አይባልም። አያ አላምረውን አየኋቸው። የልጆቻቸው ምግብ፣ የሚመጣው ዓመት ዘራቸው፣ ስሙን በማያውቁት የከተማ ሰው መኪና፣ ያውም ከሊቀመንበሩ ጋር ሊሄድ ነው። ባርኔጣቸውን እንደያዙ «በሰላም ያግባችሁ» አሉ። ይኼን ሲሉ የሚያዩት እኔን አልነበረም፤ የቮልሷን አፍንጫ ነበር። እንባዬ መጣ፤ ግን ማርሽ ማስገባት ነበረብኝ።

በመንገድ ላይ ሊቀመንበሩ በጣም ጨዋታ ወዳድ ሆኑ።

«መኪናህ አፍንጫዋን ደፋ አድርጋለች።»

«ቁልቁለት ስለሆነ ነው» አልሁ። አቀበት ነበር።

ወደ ኋላ ዞር አሉ። ብርቱካን ስልቻው ላይ ተቀምጣ ራሷ ጣራውን ስለነካ አንገቷን አዝምማለች። «እመቤቲቱ ረጅም ናቸው» አሉ ሊቀመንበሩ። «ሲቆሙ አጠር ያሉ መስለውኝ ነበር።»

«ስቀመጥ ነው የምረዝም» አለች ብርቱካን፤ ጭራሽ ሳትደነግጥ። ይችን ሴት ማግባቴን አንዳንድ ቀን አላምንም።

ዋናው መንገድ ስንደርስ ኬላ አለ። እህል ያለ ፈቃድ አያልፍም። ጠመንጃ ያነገተ ጠባቂ መጣና «ክፈት» ብሎ ወደ መኪናዋ ኋላ ሄደ። ከፈትሁለት። ሞተር ነው። ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ አየው።

«ሌላ ዕቃ የለም?»

«የሚታየው ሞተሩ ነው» አልሁ፤ ቃሌ እውነት ነበር።

«ፊት ያለውስ?»

«ፊት ያለሁትማ እኔ ነኝ!» ብለው ሊቀመንበሩ በመስኮት ብቅ አሉ።

«ይቅርታ ጓድ ሊቀመንበር፣ አላየሁዎትም!» ገመዱ ወዲያው ወረደ። ድሬሰሩ በዚያች ሰዓት ክንዴን ቢጠቀልለው ኖሮ መሣሪያው ይፈነዳ ነበር ብዬ አምናለሁ። 

ዘንዘልማ ገበያው ጥግ አቆምሁላቸው። ዱላቸውን ወንበሩ ላይ ትተው ወረዱ።

«ዱላዎን ረሱ» አልሁ።

«አልረሳሁም። ስትመለሱ ኬላው ቢጠይቃችሁ፣ የሊቀመንበሩን ዱላ ልናደርስ ነው በሉት።»

«ወዴት ነው የምንመለስ?»

«ወደ አላምረው ነዋ! ይኼኔ ውሃም በጉሮሮው አልወረደ። ቶሎ አድርሱለት።»

 «ም... ምኑን?» አልሁ።

«ተው እንጂ ልጄ! እኔም አውድማ ላይ ነው ያደግሁ። ምርት ካረፈበት ሲነሳ እበቱ ላይ ዱካው ይቀራል። ማሳው ላይ ያን ያህል የዘገየሁትስ እግሬ አንሶኝ ይመስልሃል?» ይኼን ብለው ግራና ቀኝ አዩ፤ ከዚያም በመስኮቱ ጎንበስ አሉ። ፊታቸው ላይ የነበረው ሊቀመንበርነት ሁሉ ጠፋ፤ የደከማቸው ሽማግሌ ሆኑ። «የእኔም አውድማ ከእሱ ማሳ ማዶ ነው። ነገ ይሰፈራል። የእኔን የሚገምተው ከወረዳ ነው የሚመጣ፤ ከምሳ በኋላ። እሱ ደግሞ አያውቀኝም፣ አላውቀውም። እና እንደው... ነገስ አትዝናኑም?»

ደም ብዛት እንዳለብኝ፣ ሐኪም እንደከለከለኝ፣ መኪናዋም የሰው እንደሆነች ልነግራቸው አፌን ስከፍት፣ ብርቱካን ከስልቻው ላይ ሆና አንገቷን በመካከላችን አስገባች።

«ስልቻ አለዎት፣ ወይስ ይዘን እንምጣ?» አለቻቸው።